ዐሥራ አራተኛው ፊደል፦ በተጠናቀሩ ፕሮግራሞች ውስጥ የማኅደረ ትውስታ ስሕተትን ስለ መፈለግ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለፈታኞች ሲያቀርብ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። መረጃው ከየት ተሰበሰበ? ናሙናው በቂ ነው? ዘዴው ለምን ተመረጠ? ውጤቱ ከማን ሥራ ጋር ተነጻጸረ? በሠንጠረዡ ውስጥ የሰፈሩትን ቁጥሮች ያወጣው ፕሮግራም የራሱን ማኅደረ ትውስታ በአግባቡ ይጠቀም እንደ ሆነ የሚጠይቅ ፈታኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄው ቢነሣም ብዙዎቻችን «ፕሮግራሙ ሠርቶ ጨርሷል፤ ውጤትም ሰጥቷል» ከማለት ያለፈ መልስ የለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህ አባባል ለጥያቄው መልስ ሊሆን እንደማይችል ነው፤ በተለይም ፕሮግራሙ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን።

በፓይተን ወይም በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ዐሥር ክፍል ካለው ድርድር ዐሥራ አንደኛውን ሲጠይቅ ቋንቋው ራሱ ያስቆመዋል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደ ተሳሳተም ይነግረዋል። በሲ ተጽፎ በኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ የተጠናቀረ ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም። ማሽኑ ድርድር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው አድራሻ ብቻ ነው። ዐሥራ አንደኛው ክፍል ሊሆን በሚችለው አድራሻ ላይ የሌላ ተለዋዋጭ ንብረት ተቀምጦ ቢገኝ ፕሮግራሙ ያለ ማመንታት ያነብበዋል፤ ይጽፍበታልም። የቋንቋው ደንብ ስለዚህ ሁኔታ ምንም አይደነግግም። ፕሮግራሙ ሊቋረጥ ይችላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ሊያወጣም ይችላል። እኔ ከሦስቱ ይበልጥ የምፈራው የመጨረሻውን ነው፤ ዛሬ በአጋጣሚ ትክክል የሆነው ነገ ሌላ ፋይል ሲሰጠው ትክክል ስለማይሆን።

የስሕተቶቹ ዓይነት ብዙ አይደለም። ከተመደበ ቦታ ወሰን አልፎ ማንበብ ወይም መጻፍ፣ ለሥርዓቱ የተመለሰን ቦታ እንደ ገና መጠቀም፣ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ መመለስ፣ እሴት ያልተሰጠውን ቦታ እሴት እንዳለው ቆጥሮ ማንበብ፣ የወሰዱትን ቦታ ሳይመልሱ መቅረት። የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ማኅደረ ትውስታ ያባክናል እንጂ ቁጥር አያበላሽም፤ ስለዚህ እዚህ አልመለስበትም። ሌሎቹን የሚያመሳስላቸው ቁስሉ ሌላ ስፍራ፣ ሞቱ ሌላ ስፍራ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ መስመር ይጎዳል፤ ከሚሊዮን ትእዛዞች በኋላ ምንም ባላጠፋ ሌላ መስመር ላይ ይወድቃል፤ ወይም ጭራሹን አይወድቅም።

ስለ እነዚህ ስሕተቶች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የደኅንነትን ጉዳይ ይመለከታል፤ ምክንያትም አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ገለጸው በየዓመቱ መፍትሔ ከሚያበጅላቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ የማኅደረ ትውስታ ስሕተቶች ናቸው፤ የክሮሚየም ማሰሻ አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ከባድ ክፍተቶቻቸው ተመሳሳይ አኃዝ አስታውቀዋል። ለተመራማሪ ግን ሌላ አደጋ አለ። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የቃላትን ድግግሞሽ በሚቆጥር ፕሮግራም ላይ ጥቃት ለመሰንዘር የሚደክም የለም። አደጋው ፕሮግራሙ በሰላም ሠርቶ፣ በሰላም የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቁጥሩም በሠንጠረዥ ሰፍሮ፣ ሌላው ተማሪ እንደ እውነት ሲጠቅሰው መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ወደማውቀው ጉዳይ ልግባ። ለመመረቂያ ሥራዬ የምጠቀምበት ፕሮግራም የአማርኛን ቃል ከቅድመ ቅጥያና ከድኅረ ቅጥያ አላቅቆ ሥሩን የሚፈልግ፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ሥር ድግግሞሽ የሚቆጥር ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ነበር፤ በኋላ ለአማርኛ እንዲያገለግል ተስተካከለ፤ ከዚያም ከተማሪ ወደ ተማሪ በፍላሽ ሲተላለፍ ኖሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። በሲ የተጻፈ በመሆኑ ፈጣን ነው፤ ትልቅ የጽሑፍ ክምችት በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ይጨርሳል። ከኮዱ ጋር አንዲት የማስታወሻ ፋይል ነበረች። ከመስመሮቿ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «በትልቅ ፋይል ላይ ሲጨርስ ይቋረጣል፤ ውጤቱ ቀድሞ ስለሚጻፍ ችግር የለውም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኋት። የጻፋት ሰው ያየውን አልደበቀም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሯ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደ አንድ ትናገራለች፦ ውጤቱ መጻፉንና ውጤቱ ትክክል መሆኑን። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከተልም።

ፕሮግራሙ የሚቋረጥበትን ስፍራ ማግኘት ቀላል ነበር። ጂዲቢ የተባለው የስሕተት ማረሚያ መሣሪያ በቀጥታ ወደ መጨረሻው የጽዳት ተግባር ወሰደኝ፤ የተመደቡትን ቦታዎች አንድ በአንድ ለሥርዓቱ የምትመልስ፣ ከዐሥር መስመር የማትበልጥ ተግባር ናት። መስመር በመስመር ፈተሽኋት፤ ንጹሕ ናት። ሰው ሞቶ የተገኘበት ደጃፍ ባለቤት ሁሉ ገዳይ አይደለም። ቀጥሎ የተለመደውን ዘዴ ሞከርሁ፤ በየመካከሉ «እዚህ ደርሷል» እያለ የሚያትም ትእዛዝ አስገባሁ። ፕሮግራሙ መቋረጡን ተወ! ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ የማተሚያው ተግባር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ለራሱ ቦታ ይመድባል፤ በዚህም የሌሎቹ ቦታዎች አሰላለፍ ይለወጣል፤ ከወሰን ያለፈው ጽሑፍ የሚያርፍበት ጎረቤትም ሌላ ይሆናል። ስሕተቱ ቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን፣ ሲመለከቱት ጠባዩን የሚለውጠውን ስሕተት በፊዚክስ ሊቁ በሃይዘንበርግ ስም እየቀለዱ «ሃይዘንበግ» ይሉታል። ያትምልኝ የነበረውን ትእዛዝ እዚያው ትቼው «ተስተካክሏል» ማለትም ይቻል ነበር፤ እንዲህ የዳኑ ፕሮግራሞች ጥቂት አይመስሉኝም።

የቁስሉን ምክንያት ለመረዳት ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገባ። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፍ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው፤ የሲ ቋንቋ በጽሑፍ መጨረሻ የሚያኖረው ዜሮ ሲጨመር ዐሥር። ከእንግሊዝኛው የተወረሰው ኮድ ለእያንዳንዱ ቃል 32 ባይት ይመድባል። ለእንግሊዝኛ ይህ ለጋስ ነው፤ 31 ፊደል ያለው ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ለአማርኛ ግን 32 ባይት ማለት ዐሥር ፊደል ማለት ነው፤ ዐሥሩ 30 ባይት፣ ዜሮው አንድ።

ታዲያ ዐሥራ አንድ ፊደል ያለው ቃል በየገጹ በሚገኝበት ቋንቋ ይህ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን እንዴት አልወደቀም? መልሱ በማኅደረ ትውስታ አመዳደብ ውስጥ ይገኛል። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ ቦታ የሚሰጠው በ16 ባይት እያጠጋጋ ነው። 32 ባይት የጠየቀ ፕሮግራም ሊጽፍበት የሚችል 40 ባይት ያገኛል። ዐሥራ አንድ ፊደል ከነዜሮው 34 ባይት፣ ዐሥራ ሁለት ፊደል 37፣ ዐሥራ ሦስት ፊደል ልክ 40 ባይት ነው። ሦስቱም ከተጠየቀው ወሰን አልፈዋል፤ ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ ሆኖም ላይብረሪው ሳይጠየቅ በሰጠው ትርፍ ላይ ስላረፉ ማንንም አልነኩም። ዐሥራ አራት ፊደል ግን 43 ባይት ይፈልጋል። ከአርባኛው ባይት ቀጥሎ ያለው ስፍራ ላይብረሪው የጎረቤቱን ቦታ መጠን የሚመዘግብበት ነው።

«እንደሚያስተላልፉላቸው» የሚለው ቃል ዐሥራ ሦስት ፊደል አለው። ምንም አያደርግም። «እንደሚያስተላልፉላቸውም» ዐሥራ አራት ነው። የመጨረሻዋ «ም» ሁለት ባይቶቿና የመዝጊያው ዜሮ በጎረቤቱ የመጠን መዝገብ ላይ ያርፋሉ። በዚያች ቅጽበት የሚታይ ነገር የለም። ፕሮግራሙ ይቀጥላል፣ ይቆጥራል፣ ውጤቱን ይጽፋል፤ በመጨረሻ የጽዳቷ ተግባር ያን ጎረቤት ልትመልስ ስትሞክር ላይብረሪው መጠኑን አንብቦ ሊሆን የማይችል ቁጥር ያገኛል፤ ፕሮግራሙንም ያቋርጠዋል። በትንሽ ፋይል ላይ ይህ የማይደርሰው ዐሥራ አራት ፊደል ያለው ቃል ብርቅ ስለ ሆነ ነው። የክምችቱ ትልቅነት ለዚህ ስሕተት ያበረከተው ነገር ቢኖር ያንን ብርቅ ቃል ማምጣቱ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በጂዲቢ ብቻ አላገኘሁትም። ስሕተት ማረሚያው ሞቱን ያሳያል፤ ቁስሉን ለማየት ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል። የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ከአንድ ትውልድ የሚረዝም አይደለም። ሪድ ሄስቲንግስና ቦብ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1992 ፒዩሪፋይ የተባለውን መሣሪያ ለምሁራን ጉባኤ አቀረቡ፤ ሄስቲንግስ በኋላ ኔትፍሊክስን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ነው፤ ፊልም ከማሳየቱ በፊት ባይት ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ጁሊያን ሲዋርድ ቫልግሪንድን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኮንስታንቲን ሴሬብሪያኒና ባልደረቦቹ በጉግል የሠሩትን አድሬስ ሳኒታይዘር ይፋ አደረጉ፤ ዛሬ በጂሲሲም በክላንግም ውስጥ አብሮ ይገኛል።

የሁለቱ የኋለኞቹ አሠራር መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፤ ከማኅደረ ትውስታው ጎን ለጎን ጥላውን መያዝ። ፕሮግራሙ በሚጠቀምበት በእያንዳንዱ ስፍራ አንጻር «እዚህ መግባት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚል መዝገብ ይቀመጣል። አድሬስ ሳኒታይዘር ለእያንዳንዱ ስምንት ባይት አንድ የጥላ ባይት ይይዛል። የጥላው ባይት ዜሮ ከሆነ ስምንቱም ክፍት ናቸው፤ ከአንድ እስከ ሰባት ያለ ቁጥር ከሆነ ከመጀመሪያ ያን ያህሉ ብቻ ክፍት ናቸው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ሁሉም ዝግ ናቸው። ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት በፊት ጥላውን የሚያይ አጭር ትእዛዝ ይሰካል። በተመደቡ ቦታዎች መካከልም ማንም ሊረግጠው የማይገባ ባዶ ድንበር ይተዋል፤ የተመለሰን ቦታ ደግሞ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፣ ለተወሰነ ጊዜ በማቆያ ያኖረዋል። ደራሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ጽሑፍ ፕሮግራምን በአማካይ በ73 በመቶ እንደሚያዘገይና በክሮሚየም ውስጥ ቀድሞ ያልታወቁ ከ300 በላይ ስሕተቶችን እንዳገኘ ገልጸዋል።

ለኮምፓይለሩ አንዲት ተጨማሪ ማዘዣ ሰጥቼ ፕሮግራሙን እንደ ገና ሳጠናቅረው ሥራው ከመጀመሩ ቆመ። ዐሥራ አራተኛውን ፊደል አልጠበቀም፤ በፋይሉ ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያው ዐሥራ አንድ ፊደል ያለው ቃል በቂው ነበር። ሪፖርቱ 32 ባይት ስፋት ካለው ቦታ አልፎ መጻፉን፣ የጻፈውን መስመር፣ ቦታው የተመደበበትን መስመር ለይቶ ነገረኝ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው። መሣሪያው ፕሮግራሙን ብልህ አላደረገውም፤ በቁስሉና በሞቱ መካከል ያለውን ርቀት ወደ ዜሮ አወረደው እንጂ። አንድ ባልደረባዬ 32ን በ256 እንድተካው መክሮኝ ነበር። አልተካሁትም፤ የቃሉን ርዝመት በባይት ለክቶ ያን ያህል መመደብ ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ፕሮግራሙ መቋረጡን ተወ፤ አድሬስ ሳኒታይዘርም ዝም አለ። ነገር ግን በአድሬስ ሳኒታይዘር የተጠናቀረው ፕሮግራም ያወጣው የድግግሞሽ ሠንጠረዥ በተለመደው መንገድ የተጠናቀረው ካወጣው ይለያል። አንድ ኮድ፣ አንድ ፋይል፣ ሁለት ውጤት። በተለመደው አጠናቀርም ቢሆን የፋይሎቹን ቅደም ተከተል ስቀያይር ቁጥሮቹ ይቀያየሩ ነበር። ድግግሞሽ መቁጠር ደግሞ ቅደም ተከተልን ሊያውቅ የማይገባው ሥራ ነው፤ ዳቦ ከግራ ቢቆጠር ከቀኝ ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቫልግሪንድ ዞርሁ። ሜምቼክ የተባለው ዋናው መሣሪያው ከኮምፓይለሩ ጋር አይሠራም፤ የተጠናቀረውን ፕሮግራም እንዳለ ተቀብሎ እያንዳንዱን የማሽን ትእዛዝ በራሱ ቁጥጥር ሥር ያስኬደዋል። ለእያንዳንዱ ባይት መግባት መፈቀዱን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቢት እሴት የተሰጠው መሆን አለመሆኑን ይመዘግባል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ፕሮግራም ከዐሥር እስከ ሠላሳ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። በደቂቃዎች የሚያልቀው ሥራ ለሰዓታት ይጎተታል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ ከሥር እንደ ገና መጀመር አለ። ክምችቱን በየጥቂት ፋይሎች ከፋፍዬ ማስኬድን የመረጥሁት ከብልኅነት ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው።

ሜምቼክ ያገኘው ይህን ነው። እያንዳንዱ ቃል የሥሩን ተራ ቁጥር የሚይዝ አንድ መስክ አለው። ሥር ለተገኘለት ቃል መስኩ ይሞላል። ሥር ላልተገኘለት ቃል ግን የሚሞላው የለም። ኮዱ ቀጥሎ «ተራ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ካልሆነና ከሠንጠረዡ ወሰን ካላለፈ ቁጠረው» ይላል። ከሐሳቡ እንደምንረዳው ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር «ሥር አልተገኘም» ማለት ነበር፤ ያን ቁጥር የሚጽፍ መስመር ግን የለም። ስለዚህ መስኩ ከዚህ በፊት በዚያ ስፍራ የነበረውን ይዞ ይገኛል። ሥርዓተ ክወናው ለፕሮግራም አዲስ ገጽ ሲሰጥ በዜሮ ሞልቶ ነው፤ በመሆኑም በትንሽ ፋይል ላይ ሥር የሌላቸው ቃላት ሁሉ በዜሮኛው፣ ማለትም በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ሥር ስም ይቆጠራሉ። በትልቅ ክምችት ላይ ግን ቦታ ይመለሳል፣ ለሌላ ቃል ይሰጣል፤ አዲሱ ቃልም የቀድሞውን ባለቤት ሥር ይወርሳል። ቁጥሩ ትክክለኛ የሥር ተራ ቁጥር ስለ ሆነ ምንም አይወድቅም። አድሬስ ሳኒታይዘር ደግሞ አዲስ የሚመድበውን ቦታ በራሱ ቋሚ ባይት ይሞላዋል፤ ያ ሙሌት እንደ ቁጥር ሲነበብ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ፈተናውም ይጥለዋል። የተለየ ሠንጠረዥ ያወጣው፣ በአጋጣሚም ወደ እውነቱ የቀረበው ለዚህ ነበር። እሴት አለመሰጠቱን ማወቅ ግን ሥራው ስላልሆነ ምንም አልተናገረም።

ሜምቼክን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ቦታ ሲመደብ በዜሮ እንዲሞላ ማድረግ አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ይጠይቃል፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ የቅደም ተከተሉ ጥገኝነት ይጠፋል፣ ውጤቱም በተደጋገመ ቁጥር አንድ ይሆናል። ግን ሥር የሌላቸው ቃላት ሁሉ ለዘለዓለም በመጀመሪያው ሥር ስም ይቆጠሩ ነበር። ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው፤ የሚወላውል ስሕተት ቢያንስ ራሱን ያሳብቃል፣ የጸና ስሕተት ግን እውነት ይመስላል። ትክክለኛው መፍትሔ መስኩን በተፈጠረበት ቅጽበት ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር መሙላት ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ መሣሪያው ሳይሆን ኮዱን የጻፈው ሰው ሐሳብ መነበብ ነበረበት። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ።

ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘትና ስሕተትን ማረም የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳይ ትልቅ ታሪክ በሙያው ውስጥ አለ። የዴቢያን ሥርዓተ ክወና አዘጋጆች ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለውን የምሥጠራ ላይብረሪ በቫልግሪንድና በፒዩሪፋይ ሲፈትሹ እሴት ያልተሰጠው ቦታ እየተነበበ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ማስጠንቀቂያውን ያስነሡት ሁለት መስመሮች ከአገልግሎት እንዲወጡ ተደረገ። ከሁለቱ አንዱ መውጣቱ ጉዳት አልነበረውም። ሌላው ግን ለምሥጢር ቁልፎች መሠረት የሆነው የዘፈቀደ ግብዓት ሁሉ የሚያልፍበት ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው የዘፈቀደ ምንጭ የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እርሱም ከ32,768 አይበልጥም። በዴቢያንና ከእርሱ በተወለዱ ሥርዓቶች ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች ተቆጥረው የሚያልቁ ሆኑ። ሉቺያኖ ቤሎ ይህን እስካገኘበት እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ማንም አላወቀም፤ መሣሪያዎቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደስ ብሏቸው ዝም ብለው ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ላይብረሪ የተቃራኒውን ነገር አሳየ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው «ሃርትብሊድ» ላኪው የነገረውን ርዝመት ሳይመረምር የሚያምን ኮድ ነበር፤ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሌላ ሰው ምሥጢር ያወጣ ነበር፤ ሁለት ዓመት በአገልግሎት ላይ ቆየ። አድሬስ ሳኒታይዘር በዚያ ጊዜ ነበረ። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የሚያዩት የተኬደበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ውሸታም ርዝመት የያዘ ጥያቄ ያልላከ ፈተና ስሕተቱን ሊያስነሣው አይችልም። ስለዚህ መሣሪያውን ማብራት ብቻ ሳይሆን ምን እንደምናበላው ማሰብ አለብን። እኔ ቅጥያዎችን እየደራረበ በየርዝመቱ ቃል የሚፈጥር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ፤ ከዚያም የጽሑፍ ፋይሎችን በየባይቱ እየቆረጥሁ ሰጠሁት። ሦስተኛው ስሕተት በዚህ ተገኘ፤ ፋይል በፊደል ወገብ ላይ ሲቆረጥ ሦስት ሦስት ባይት እየዘለለ የሚያነብበው ዑደት የመዝጊያውን ዜሮ ዘልሎ ወደ ማያውቀው አገር ይገባ ነበር። የተቋረጠ ዳውንሎድ ለሚያዘወትር ተማሪ ይህ እንግዳ ግብዓት አይደለም።

ፕሮግራሙን ለምን በረስት ወይም በፓይተን አልጻፍኸውም የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ይህን ቢያስብበት እደግፋለሁ። የተወረሰን ኮድ ግን እንደ ገና መጻፍ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ለምን እንደ ተሳሳቱ አይነግረንም፤ እኔም ማወቅ የፈለግሁት ይህን ነበር።

ፕሮግራሙን ከእኔ በፊት የተጠቀመውን፣ አሁን በሥራ ዓለም ያለውን ወንድም በስልክ አገኘሁት። ያገኘሁትን በዝርዝር ነገርሁት፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሠንጠረዦችዎን የሚነካ ነገር ስላለ ነው የደወልሁት» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እኔም ከነማስታወሻው ነው የተረከብሁት» አለኝ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ምን ያህል ይለወጣል?» በክምችቱ ውስጥ እጅግ የተዘወተሩት ሥሮች ቁጥራቸው ብዙ ስለ ሆነ ቦታቸውን አልለቀቁም። ብርቅ የሆኑት ግን ደረጃቸው ተዛብቷል፤ የእርሱ ሥራ ደግሞ ስለ ብርቆቹ ነበር። «አዲሱን አስልተህ ላክልኝ፤ ለአማካሪዬ እኔው እጽፍላቸዋለሁ» አለኝ። ላክሁለት።

በሁለቱም መሣሪያዎች ዓይን የማይታይ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። በአንድ መዋቅር ውስጥ ከአንዱ መስክ ወደ ጎረቤቱ መስክ የሚያልፍ ጽሑፍ ከመዋቅሩ ወሰን ስላልወጣ ሜምቼክም አድሬስ ሳኒታይዘርም ሕጋዊ አድርገው ይቀበሉታል። በፕሮግራሙ ውስጥ 16 ባይት ስፋት ያለው የቅጥያ መስክ ነበር፤ አምስት ፊደል ብቻ ይይዛል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው መስክ የቃሉ ድግግሞሽ ነው። ይህን ለማግኘት መዋቅሮቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ሥዬ ባይቶቹን በጣት መቁጠር ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን ፈጀ።

ለትምህርት ክፍሌ ያቀረብሁት ሐሳብ ትንሽ ነው። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም ውጤት የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ገጽ አባሪ ይኑረው፤ ፕሮግራሙ በየትኛው ኮምፓይለር እንደ ተጠናቀረ፣ በየትኛው መሣሪያ በምን ግብዓት እንደ ተፈተሸ፣ የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ውጤቱ መጽናት አለመጽናቱ ይጻፍበት፤ ሳይታረሙ የታለፉ ማስጠንቀቂያዎች ካሉም እያንዳንዳቸው ለምን እንደ ታለፉ። ውሳኔው ገና አልተሰጠም። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ አባሪው ገብቷል፤ የታለፉት ማስጠንቀቂያዎች ሁለት ናቸው፣ ምክንያታቸው ግን ከገጹ ግማሽ በላይ ወስዷል።